ቦዲው የተዋጣለት፣ ሻንሲው የተዘነጋ፦ የአንድ 1፡24 ሞዴል መኪና ግምገማ

ለዚህ ግምገማ የቀረበው እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2002 የተመረተችውን ሦስተኛ ትውልድ ማዝዳ አር ኤክስ 7 በ1፡24 ስኬል (ከእውነተኛዋ በ24 እጥፍ አንሶ) የሚወክል፣ ተገጣጥሞና ቀለም ተቀብቶ የሚያልቅ የፕላስቲክ ኪት ነው። ይህችን መኪና በኪት መልክ ያወጡ አምራቾች ከአንድ በላይ በመሆናቸው የእኔን ሳጥን አምራች በስም አልጠቅስም። አንድ ሳጥን ውስጥ የተገኘን እንከን ይዞ በድርጅት ላይ መፍረድ ተገቢ አይመስለኝም፤ የማነሣቸው ነጥቦች ደግሞ ስሙ ሳይጠቀስም ተመሳሳይ ኪት ለመግዛት ለሚያስብ ሰው የሚጠቅሙ ናቸው። ሥራው ሰባት ሳምንት ያህል የማታ ትርፍ ጊዜዬን ወስዷል። ፍርዴን ከወዲሁ ለመናገር፣ ቦዲው ከጠበቅሁት በላይ ነው፤ ከቦዲው በታች ያለው ነገር ግን ማንም ገልብጦ አያየውም በሚል ሐሳብ የተሠራ ይመስላል። ስለዚህ ገዢው የሚከፍለው ለቦዲው መሆኑን አውቆ ቢገዛ አይቆጭም።

ሳጥኑ ላይ የታተመው ዓመት የቅርብ ነው፤ ፕላስቲኩ የወጣበት የብረት ሞልድ ግን እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሲሠራበት የቆየ ነው። በዚህ የትርፍ ጊዜ ሥራ ውስጥ ይህ የተለመደ አሠራር ነው፤ አምራቹ አሮጌውን ሞልድ አውጥቶ፣ አዲስ የዲካል (በውኃ ረጥቦ በሞዴሉ ላይ የሚለጠፍ ሕትመት) ወረቀትና አዲስ የሳጥን ሥዕል ጨምሮ፣ እንደ አዲስ ኪት ለገበያ ያቀርበዋል። በራሱ ነውር የለበትም፣ ምክንያቱም በጥንቃቄ የተቀረጸ የ1990ዎቹ ሞልድ ከብዙ አዳዲሶች ሊበልጥ ይችላል። ችግሩ ሞልዱ በብዙ አገልግሎት ሲያረጅ ሁለቱ ገጾቹ በደንብ ስለማይገጥሙ በመካከላቸው ስስ የፕላስቲክ ቅጠል ሾልኮ መውጣቱ ነው፤ በእኔም ሳጥን ውስጥ በተለይ የሻንሲውና የወንበሮቹ ጠርዝ በዚህ ትርፍ ፕላስቲክ ተሞልቶ ነበር። ከመግዛቱ በፊት የኪቱን የትውልድ ሐረግ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ስኬልሜትስ በተባለው የኢንተርኔት የመረጃ ቋት ላይ የአንዱ ሞልድ ፕላስቲክ በየትኞቹ ዓመታት በየትኞቹ ሳጥኖች እንደወጣ ማየት ይችላል። እኔ ይህን ያየሁት ከገዛሁ በኋላ ነው።

ስለ ስኬሉም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። የጃፓን አምራቾች በአብዛኛው 1፡24ን ሲጠቀሙ፣ የአሜሪካ ኪቶች ደግሞ በአብዛኛው 1፡25 ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1948 የተመሠረተው የአሜሪካ ሞዴል አምራች ኤ ኤም ቲ መጀመሪያ ለመኪና ሻጮች ማስተዋወቂያ የሚሆኑ ተገጣጥመው ያለቁ ትንንሽ መኪኖችን ሲያቀርብ ቆይቶ፣ በ1958 አንዱን ሳጥን በሦስት ዓይነት መንገድ ለመገጣጠም የሚያስችሉ ኪቶችን አወጣ፤ መኪናን ከፋብሪካ እንደወጣ ከመሥራት ይልቅ በራስ ፍላጎት መለወጥ የሚለው ባህል በሞዴል ሥራ ውስጥ ሥር የሰደደው ባብዛኛው በእነዚህ ሳጥኖች ነው። በሁለቱ ስኬሎች መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ቢመስልም፣ የአንዱን ኪት ቸርኬ ወይም ወንበር ወስዶ በሌላው ላይ መግጠም ለሚፈልግ ሰው ዓይን ላይ የሚወድቅ ልዩነት ነው።

ወደ ቦዲው ስንመጣ፣ በመጀመሪያ ያደረግሁት ነገር በካሊፐር (ትንንሽ ርቀትን በሚለካ መሣሪያ) መለካት ነበር። በእውነተኛዋ መኪና የፊትና የኋላ ጎማዎች መሃል ለመሃል ያላቸው ርቀት 2425 ሚሊ ሜትር፣ የቦዲዋ ስፋት ደግሞ 1760 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለ24 ሲካፈሉ 101 እና 73.3 ሚሊ ሜትር ይሰጣሉ። ኪቱ ከሁለቱም በግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይርቅም። ልኬት ግን ሁሉን አይናገርም። ይህች መኪና ቀጥ ያለ መስመር የላትም ማለት ይቻላል፤ ፓራፋንጎዋ ከፊት ጎማው በላይ ከፍ ብሎ በበሩ ላይ ወደ ውስጥ ይገባና እንደገና ከኋላ ጎማው በላይ ያብጣል። ብዙ ኪቶች ይህን እብጠት ወይ ያጋንኑታል ወይ ያስተኙታል። እዚህ የሞልዱ ቀራጭ ልኩን አግኝቶታል፤ ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባ መሠረት) ከተቀባ በኋላ ከመብራት ሥር ቀስ ብዬ ሳዞረው ብርሃኑ ከፊት እስከ ኋላ ሳይሰበር ይንሸራተት ነበር። ገንዘቤን ያወጣሁት ለዚህ ነው ብዬ ያሰብኩት በዚያን ሰዓት ነበር።

ይህ ማለት ቦዲው እንከን የለውም ማለት አይደለም። የሞልዱ ክፍሎች የተገናኙበት መስመር በፓራፋንጎዎቹ አናት ላይ ስስ ክር ሆኖ ይታያል፤ በ600 ከዚያም በ1000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በውኃ ካልተፋቀ፣ የትኛውም ቀለም አይሸፍነውም። ከውስጥ በኩል ፕላስቲኩ የወፈረባቸው ሁለት ቦታዎች ላይ ደግሞ ከውጭ ትንሽ ስርጉደት አለ፤ ምክንያቱም ወፍራሙ ፕላስቲክ ሲቀዘቅዝ ከስሱ ይልቅ ስለሚኮማተር ነው። እነዚህን በስስ ስቱኮ ሞልቼ አስተካክያለሁ። ፓራውልቱ ለብቻው የሚገጠም ሲሆን፣ መጋጠሚያው በእውነተኛዋ መኪናም ላይ ያለ መስመር በመሆኑ ክፍተቱን መድፈን አያስፈልግም። ይህን ያሰበው ሰው ምስጋና ይገባዋል።

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚያሻው ግን የበሮቹና የኮፈኑ ክፍተት መስመር ነው። መኪና ስትሠራ በበርና በፓራፋንጎ መካከል 4 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ቢኖር፣ በዚህ ስኬል 0.17 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። በዚህ ኪት ላይ መስመሩ ስፋቱ ትክክል ነው፤ ጥልቀቱ ግን አነስተኛ ነው። አሁን የቀለሙን ውፍረት እናስብ። ከፋብሪካ የወጣ መኪና ላይ ያለው የቀለም ንብብር በጠቅላላው ከ0.1 እስከ 0.15 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በ1፡24 ቢመጠን ከ0.004 እስከ 0.006 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለ ቀለም በእጅ መርጨት አይቻልም። ፕራይመር፣ መደበኛ ቀለምና ክሊር (በላዩ የሚረጭ ቀለም አልባ አንጸባራቂ ሽፋን) ተደራርበው 0.1 ሚሊ ሜትር ቢደርሱ፣ በእውነተኛዋ መኪና ላይ 2.4 ሚሊ ሜትር ቀለም እንደቀባን ይቆጠራል። በዚህ ምክንያት ነው ሞዴል መኪኖች ብዙ ጊዜ ከረሜላ ውስጥ እንደተነከሩ የሚመስሉት። ጥልቀት የሌለው መስመር ደግሞ ከዚህ ንብብር ሥር ጨርሶ ይጠፋል። ስለዚህ ከቀለም በፊት እያንዳንዱን መስመር በመጫሪያ መርፌ ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ሳይጫኑ፣ ማጥለቅ ግድ ነው። አንድ ጊዜ በኃይል የጫነ ሰው መርፌው ከመስመሩ አምልጦ በበሩ ላይ ጭረት ይተውለታል፤ እኔም በግራው በር ላይ ይህን ጭረት በስቱኮ ስደፍን አንድ ማታ አልፏል።

ቦዲው በቀይ ፕላስቲክ የተቀረጸ መሆኑ የኪቱ ትልቁ ወጥመድ ነው። መኪናዋን ቀይ ለሚቀባ ሰው ምንም አይደለም፤ እኔ ግን ነጭ ፈልጌ ነበር። በላከር ላይ የተመሠረተ ቀለም ውስጥ ያለው ቲነር ፕላስቲኩን በስሱ ስለሚያላላው፣ ቀዩ ማቅለሚያ ወደ ላይ ይሰርግና ነጩን ሮዝ ያደርገዋል። በግራጫ ፕራይመር ሸፍኜዋለሁ ብዬ ተማምኜ ነጩን ስረጭ፣ በማግስቱ ጠዋት ቦዲው ላይ፣ በተለይ በጠርዞቹ አካባቢ፣ የሮዝ ጥላ አገኘሁ። በአይሶፕሮፒል አልኮል ነክሬ ቀለሙን ለማንሣት ሞክሬ ከፊሉን ብቻ ስላነሣልኝ፣ የቀረውን ፍቄ፣ በላዩ ብርማ ቀለም እንደ ግድግዳ ረጭቼ፣ እንደገና ከፕራይመር ጀመርሁ። የብረት ቅንጣት ያለበት ብርማ ቀለም የፕላስቲኩን ማቅለሚያ ወደ ላይ እንዳያልፍ ይከለክላል። በመግጠሚያ መመሪያው ላይ ስለዚህ አንድ መስመር እንኳ አልተጻፈም፤ ነጭ የሆነችውን መኪና ግን በሳጥኑ ጎን ላይ እንደ አማራጭ አሳይተዋታል። ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው።

ለቀለሙ የተጠቀምኩባቸው ነገሮች ግምገማ ውስጥ ባይገቡም፣ ውጤቱን ያለ እነርሱ ማስረዳት አይቻልም። ለፕራይመር ሚስተር ሰርፌሰር 1200ን መረጥሁ፤ በጠርሙሱ ላይ ያለው ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ቅንጣቱ እየደቀቀ ስለሚሄድ፣ 500ው ጭረት ለመሙላት፣ 1200ው ደግሞ ለመጨረሻ ገጽታ ይሆናል። ነጩን በ0.3 ሚሊ ሜትር አፍንጫ ባለው ኤርብራሽ (በአየር ግፊት ቀለም በሚረጭ ትንሽ መሣሪያ)፣ ኮምፕረሰሩን ከ1 እስከ 1.4 ባር ባለው ግፊት አድርጌ፣ በአራት ስስ ንብብር ረጨሁ። ሌቭሊንግ ቲነር የሚባለው ቲነር አደራረቁን ስለሚያዘገየው ቀለሙ ከመድረቁ በፊት ራሱን ያስተኛል፤ የብርቱካን ልጣጭ የመሰለ ገጽታን የሚቀንሰውም ይኸው ነው። የኤርብራሽ መሣሪያ የሌለው ሰው በቆርቆሮ በሚመጣ የላከር ስፕሬይም ጥሩ ውጤት ሊያገኝ ይችላል፤ ብቻ ቆርቆሮው በለብ ያለ ውኃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ቢቆይ ጠብታው ይደቅለታል። ውኃው ፈጽሞ የፈላ መሆን የለበትም፣ ቆርቆሮው ሊፈነዳ ይችላልና። ሁለት ክፍል ተቀላቅሎ የሚረጨውን የዩሬቴን ክሊር የሚመርጡ ብዙዎች ናቸው፤ አንጸባራቂነቱ አያከራክርም፤ ሆኖም ማጠንከሪያው አይሶሳያኔት የተባለ ለመተንፈሻ አካል አደገኛ ኬሚካል ስላለው ተስማሚ የመተንፈሻ ማስክና አየር ማስወጫ ለሌለው ሰው አልመክረውም፣ እኔም አልተጠቀምኩበትም።

ክሊሩ በደንብ እስኪደርቅ ሁለት ሳምንት ጠብቄ በ2000 እና በ3000 ቁጥር ወረቀት በውኃ ፈቅሁት፤ ከዚያም በሦስት ደረጃ ፖሊሽ ወለወልሁት። እዚህ ላይ ያለው አደጋ ጠርዝ ነው። ቀለም ሲረጭ ከጠርዝ ላይ ስለሚሸሽ በዚያ ቦታ ንብብሩ ይሳሳል፣ ወረቀቱ ደግሞ መጀመሪያ የሚያገኘው ጠርዙን ነው። ስለዚህ ጠርዞቹን በስስ ማስኪንግ ቴፕ ሸፍኖ መሃሉን መፋቅ፣ በመጨረሻ ቴፑን አንሥቶ ጠርዙን በፖሊሽ ብቻ ማለፍ ይሻላል። ይህን አድርጌም በጣሪያው የኋላ ጫፍ ላይ ብርማው ቀለም ብቅ ብሏል፤ ጣሪያውን እንደገና መርጨት ነበረብኝ። ሆኖም ሁሉ ካለቀ በኋላ የጠረጴዛ መብራቱ በኮፈኑ ላይ ቅርጹን ሳያጣ ይታያል። ሞልዱ የሠራውን ኩርባ ቀለሙ አላበላሸውም ማለት ነው።

ስለ ሻንሲው ረጅም መጻፍ አያስፈልግም፤ የኪቱ ሠሪዎችም አልደከሙበትም። ኮፈኑ ከቦዲው ጋር አንድ ሆኖ የተቀረጸ ስለሆነ አይከፈትም። ሞተሩ፣ ማለትም ይህችን መኪና ልዩ ያደረጋት በፒስተን ፋንታ በሚሽከረከሩ ሁለት ሮተሮች የሚሠራው ባለ ሁለት ተርቦ 13ቢ ሞተር፣ ከሥር ብቻ በሚታይ እብጠት ተወክሏል። ማርሚታው፣ የኋላ ዲፈረንሻሉና የሞላዎቹ ክንዶች ተጣብቀው የተቀረጹ ናቸው፤ በጥቁር፣ በአሉሚኒየምና በዝገት ቀለም ለይቶ ከመቀባት ውጪ ብዙ የሚደረግላቸው ነገር የለም። በሌላ አምራች የተሠራ የሬዚን (ፈሳሽ ሆኖ የሚጠነክር ፕላስቲክ መሳይ ነገር) ሞተር ገዝቶ ኮፈኑን ቆርጦ መክፈት የሚፈልግ ሰው ይችላል። ይህ ሞተር በየሮተሩ ሁለት ሁለት ካንዴላ ስላለው አራት ገመድ ይጠይቃል፤ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የካንዴላ ገመድ በዚህ ስኬል 0.33 ሚሊ ሜትር ሽቦ ይሆናል። እኔ ግን ኮፈኑን አልቆረጥሁም። የዚህን ኪት ምርጥ ገጽ በምላጭ ከፍሎ ከሥሩ እንግዳ ሞተር ማስቀመጥ፣ ያለውን ሀብት አጥፍቶ የሌለውን እንደ መፈለግ ሆኖ ታይቶኛል። የሚነሡና የሚተኙት የፊት መብራቶችም ተኝተው ቀርተዋል፤ ኪቱ ሁለቱንም አማራጭ ይሰጣል፣ ነገር ግን ሲነሡ የሚታየው ክፍል ጥልቀት የለውም።

በራስ ፍላጎት ለመለወጥ የተመቸው ቦታ ጎማና ቸርኬ ነው። ከኪቱ ጋር የመጡት ቸርኬዎች በክሮም የተለበጡ ሲሆኑ፣ ክሮሙ ወፍራምና እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ነው፤ እውነተኛ ቸርኬ እንዲህ አያበራም። በረኪና ውስጥ ጥቂት ጊዜ ሲቆዩ ክሮሙ ይለቃል፤ ከሥሩ ያለው ስስ ቫርኒሽ ግን ይቀራል፣ እርሱን በአልኮል ማንሣት ያስፈልጋል። በረኪናና አልኮል ከቶ መደባለቅ የለባቸውም፤ በመካከል በብዙ ውኃ መታጠብ አለባቸው። እውነተኛዋ መኪና ከፋብሪካ ስትወጣ በአብዛኛው 16 ኢንች ቸርኬ ነበራት፤ ይህም በስኬሉ 16.9 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ነው። እኔ በምትኩ በሦስት አውታር (3ዲ) ማተሚያ የተሠሩ ባለ 18 ኢንች መጠን የሬዚን ቸርኬዎች ገጠምሁ፤ እነዚህ 19 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ። ሁለት ሚሊ ሜትር በአፍ ሲነገር ትንሽ ቢመስልም፣ የመኪናዋን አቋም ፈጽሞ ቀይሮታል። ታትሞ የወጣ ሬዚን የማተሚያው ንብብር መስመር ስለሚታይበት፣ ጠርዙን በወረቀት ሳይፍቁ ብረት መሳይ ቀለም መቀባት ግን ከንቱ ልፋት ነው፤ እንዲህ ያለ ቀለም እንከንን ይገልጣል እንጂ አይደብቅም።

መኪናዋን ዝቅ ማድረግም ከባድ አይደለም። ሰዎች በእውነተኛዋ መኪና 30 ሚሊ ሜትር ዝቅ ሲያደርጉ ሞዴሉ 1.25 ሚሊ ሜትር ብቻ ይፈልጋል፤ የአክሱሉን መቀበያ ይህን ያህል ከፍ ማድረግ ነው። እኔ መጀመሪያ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ አድርጌው ጎማው ፓራፋንጎውን ነክቶ ነበር፤ ወደ ኋላ ተመልሼ ስስ የፕላስቲክ ሰሌዳ ጨምሬ አስተካክያለሁ። የሚመከረው ቦዲውን በጊዜያዊ ቴፕ አያይዞ፣ ቸርኬዎቹን ገጥሞ፣ ከጎን በዓይን ደረጃ አይቶ ከዚያ ማጣበቅ ነው። ለማጣበቁ ታሚያ ኤክስትራ ቲንን ተጠቅሜአለሁ፤ ይህ ማጣበቂያ በራሱ ወደ ስንጥቁ ይሳብና ፕላስቲኩን አሟምቶ ያዋህደዋል። ስለዚህ ሁለቱ ክፍሎች አስቀድመው በጣት ተያይዘው፣ ብሩሹ መጋጠሚያውን ብቻ እንዲነካ ማድረግ ይበቃል። ለሬዚንና ለብረት ግን አይሠራም፤ ለእነዚህ ሱፐር ግሉ ያስፈልጋል።

መስታወቶቹ ጥሩ ናቸው፤ ስስና ጥርት ያሉ፣ ያለ ጭረት የደረሱ። ከቦዲው ውስጥ አንድ ላይ ስለሚገቡ ሱፐር ግሉ ፈጽሞ እንዳይጠጋቸው ማድረግ ነው፤ እንፋሎቱ ጥርት ያለ ፕላስቲክን ነጭ ጭጋግ ያለብሰዋል። ሲደርቅ ጥርት የሚል ነጭ የእንጨት ሙጫ በስቴኪኒ ጫፍ ጠብ ጠብ ማድረግ ይበቃል። ዳሽ ቦርዱና ወንበሮቹ ከጠበቅሁት በላይ ዝርዝር አላቸው፤ የመለኪያ ሰዓቶቹ በዲካል የሚለጠፉ ሲሆን፣ ከአሮጌው ሞልድ ይልቅ የአዲሱ ሳጥን ሥራ በመሆናቸው ጥርት ብለው ይነበባሉ።

ስለ ዲካሉ ያለኝ አስተያየት ግማሽ ለግማሽ ነው። ሕትመቱ ስለታምና ቀለሙ የጠነከረ ነው፤ ተሸካሚው ፊልም ግን ወፍራም ነው። በመጀመሪያ ማይክሮ ሴት በተባለው የዲካል ማስያዣ ፈሳሽ ቦታውን ቀብቶ፣ ዲካሉን አስቀምጦ፣ ከዚያ ማይክሮ ሶልን በላዩ ማለፍ የተለመደው መንገድ ነው፤ ሶሉ ፊልሙን ስለሚያላላው ለጥቂት ደቂቃ ተጨማድዶ ያስደነግጣል፣ ሲደርቅ ግን ራሱ ይስተካከላል። በዚያ ሰዓት በጣት ለማስተካከል የሚሞክር ሰው ዲካሉን ይቀደዋል። በጎኑ ላይ ያለችው ረጅም መስመር የበሩን ክፍተት ስታልፍ ሁለት ጊዜ ማይክሮ ሶል ጠይቃለች፤ ከደረቀችም በኋላ በክፍተቱ ላይ በስለታም ምላጭ ቆርጬ ጫፎቿን ወደ ውስጥ አስገብቻለሁ። ክሊሩ በላይዋ ከተረጨ በኋላም የፊልሙ ጠርዝ በተወሰነ ማዕዘን ይታያል።

ይህን ኪት የሚገዛው ማን ነው? ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው ከቀይ ፕላስቲክ ጋር ባይታገል ይሻለዋል፤ መኪናዋን ቀይ ወይም ጥቁር ሊቀባ ካሰበ ግን ገጣጠሙ ቀላል ስለሆነ አያስቸግረውም። ሞተር ማየት የሚወድ ሰው ሌላ ይፈልግ። ቀለምና ፖሊሽ ላይ መልፋት ለሚወድ ሰው ደግሞ፣ ይህን ያህል ኩርባ በአንድ ቦዲ ላይ የሚሰጥ ሌላ ሳጥን እኔ በበኩሌ እስካሁን አልገጠመኝም። ሁለተኛውንም ገዝቼ አስቀምጬዋለሁ፤ ይኸኛው በፕላስቲኩ ቀለም፣ በቀይ ይቀባል።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ከኪቱ ጋር የሚመጡት ለስላሳ የቪኒል ጎማዎች በውስጣቸው ያለው ማለስለሻ ከጊዜ ጋር እየወጣ የሚነካውን ፕላስቲክ ያቀልጣል፤ ቸርኬው ላይ ይህ ሲደርስ ጎማው ይጣበቅበታል። የኪቱን ቸርኬ የሚጠቀም ሰው ጎማው በሚነካው ቦታ ላይ ስስ የአሉሚኒየም ፎይል ቢያደርግ ይከላከልለታል። ያልተገጣጠመውን ሳጥን የሚያስቀምጥ ሰው ደግሞ ጎማዎቹን በፕላስቲክ ከረጢት ለይቶ ከመስታወቶቹ ያርቃቸው። የእኔ ሁለተኛ ሳጥን ሲከፈት ጎማዎቹ ከፊት መስታወቱ ጋር በአንድ ከረጢት ውስጥ ነበሩ፤ በመስታወቱ ጥግ ላይም የጎማው ጥርስ ታትሞ አግኝቼዋለሁ።